ዋንጫውን ያነሣው አምበል ሙያውን ለማን አወረሰ?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም እሑድ ነበር። የየካ ሚካኤል ታቦት በጃን ሜዳ ሰንብቶ ወደ መንበሩ የሚመለሰው ጥር 12 ቀን ነውና፣ አዲስ አበባ ከጥምቀት በዓል ሳትወጣ ሌላ ደስታ ተጨመረላት። በዚያ እሑድ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የሦስተኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተካሄደ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው፣ በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች።

ግብፆች በበደዊ ግቦች ሁለት ጊዜ መርተዋል። የመጀመሪያውን ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ሁለተኛውን ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ መለሰው። በተጨመረው ሰዓት የእንጦጦን ደጋ አየር ለለመዱት ሜዳው ቀለላቸው፤ ለእንግዶቹ ከበዳቸው። የአምበሉ ታናሽ ወንድም ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ዳግም አላነሣችም።

የዚያ ቀን ታሪክ በየዓመቱ ይነገራል። አምበሉ ከዚያ በኋላ ምን ኾነ? ያካበተውን ሙያስ ለማን አስተላለፈ? የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

ሉቺያኖ የተወለደው በ1927 ዓ.ም፣ የፋሽስት ጦር ኢትዮጵያን ሊወር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አሥመራ ውስጥ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በዘመኑ አጠራር «ክልስ» የሚባለው ልጅ ከሁለቱም ወገን ንቀት አያጣም ነበር። መካኒክነት ተምሮ፣ በአሥመራ ሜዳዎች ኳስን አዳብሮ፣ በኋላ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን አባል ኾነ። የ1954ቱ ቡድን የተገነባው እንዲህ ነበር፦ አንዱ ከአሥመራ፣ ሌላው ከድሬዳዋ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ተጠራርቶ፣ በይድነቃቸው ተሰማ መሪነት።

ሉቺያኖ መጫወቱን ሲያቆም ወደ አሠልጣኝነት ተሻገረ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ። ነገር ግን ዘመኑ የአብዮት ዘመን ነበር። በደርግ ጊዜ ክለቦች ፈርሰው በሌላ ስም እንደ አዲስ ተዋቀሩ፤ ብዙ የስፖርት ሰዎችም መግቢያ አጡ። ሉቺያኖ በ1970 ዓ.ም ገደማ አገር ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ሮም አጠገብ ባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦስቲያ ኖረ፤ በልጅነቱ የተማረው መካኒክነትም እንጀራው ኾነ። በትርፍ ጊዜው ልጆችን ኳስ ያስተምር ነበር። የአፍሪካ ዋንጫን በአምበልነት ያነሣ ሰው ዕውቀቱን ያወረሰው ለኦስቲያ ልጆች ነው። እርሱ ያረፈው በመስከረም 2015 ዓ.ም በ87 ዓመቱ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎ ቀድሞት በ2013 ዓ.ም አርፏል።

ጥፋቱን በሥርዓት ለውጡ ላይ ብቻ መጣል ግን ነገሩን ማቅለል ይኾናል። ጣሊያን ተጫዋቾቿን መምህር የምታደርግበት ቤት አላት። ፍሎሬንስ አጠገብ ያለው የኮቨርቻኖ ማእከል ከ1951 ዓ.ም ጀምሮ ይሠራል፤ በጣሊያን ታላላቅ ክለቦችን ለማሠልጠን የሚያበቃው ትምህርት የሚሰጠውም በዚያ ነው፤ ተማሪው ጥናታዊ ጽሑፍ ያቀርባል። በሰሜን ጣሊያን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ካርሎ አንቼሎቲ የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በተጫዋችነት ስሙ ቢገንንም፣ ዋና አሠልጣኝ ከመኾኑ በፊት በብሔራዊ ቡድኑ የአሪጎ ሳኪ ረዳት ኾኖ ሠርቷል። ስሙ ብቻውን ወንበሩ ላይ አላስቀመጠውም። በኢትዮጵያ ግን የተጫዋቹ ዕውቀት ተጫዋቹ በሄደበት አብሮት ይሄዳል።

ያም ኾኖ የአገር ልጅ አሠልጣኝ አይችልም የሚለውን አባባል ውጤቱ አይደግፈውም። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር ጀምሮ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችው ሦስት ጊዜ ነው። በሊቢያ ቡድኑን የመራው የ1954ቱ ጀግና መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም ሰውነት ቢሻው፣ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ውበቱ አባተ መሩት። ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከሉቺያኖ የቡድን ጓደኞች አንዱ የኾነው መንግሥቱ አሠልጣኝ ኾኖ ቡድን ይዞ ወደ ዋንጫው መመለሱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስልም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም የውበቱ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ከስድሳ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የተረታችውን ያችኑ ግብፅ። ጨዋታው «የሜዳችን» ተብሎ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ ነበር። በአዲስ አበባ 62 ሺህ ተመልካች ይይዛል ተብሎ በ2008 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም የዘገየ ፕሮጀክት ነው። ኢትዮጵያ በጎርጎርዮሳዊው 2029 የአፍሪካ ዋንጫን የማስተናገድ ፍላጎቷን ገልጻለች። ወንበሩና ሣሩ በገንዘብ ይመጣል። በየካ ተራሮች ሥር፣ ወይም በጎጃምና በወሎ የገጠር ቀበሌዎች ከመከር በኋላ በባዶ ማሳ ላይ ኳስ የሚያሯሩጠው ልጅ ግን የሚጠብቀው በሜዳ ያለፈበትን የሚያስተምረው ሰው ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩ የቀድሞ ተጫዋቾች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ።