የመጀመሪያው ዓመት ዶላር ለፈተናው ይሁን

የዛሬው ጽሑፌ አሜሪካ ለገቡት ነርሶች ሳይሆን እዚህ ደብረ ታቦር፣ ፋርጣና ጋይንት ተቀምጠን ስልካቸውን ለምንጠብቅ ለእኛ ነው።

አራት ዓመት ተምራ በዲግሪ የተመረቀች፣ ስንት ሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ በዲቪ ወይም በትዳር አሜሪካ ስትገባ ነርስ ሆና መሥራት አትችልም። የአገር ቤት የሙያ ፈቃዷ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በነርስ ረዳትነት ነው፤ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማገላበጥ። ሥራው የተከበረ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ብቻ ነው። የአራት ዓመት ትምህርት እዚያ ላይ ሲቀር አያሳዝንም?

«ፈተናው ከብዷት ነው» የሚል አይጠፋም። ፈተናው ኤንክሌክስ ይባላል። በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለው፣ እስከ 5 ሰዓት የሚፈጅ ነው። የፈተናው ክፍያ 200 ዶላር ነው። ከባድ ነው፤ ግን ጊዜ ያገኘ ሰው አጥንቶ ያልፈዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን አልፈውት ዛሬ በሙያቸው እየሠሩ ነው።

ከፈተናው በፊት ደግሞ የወረቀት ጣጣ አለ። ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ የነርሶች ቦርድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ በተመራቂዋ እጅ ሳይሆን ከተማረችበት ተቋም በቀጥታ፣ የክፍልና የተግባር ልምምድ ሰዓቷን አሟልቶ እንዲላክ ይጠየቃል። እዚህ ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ኦሪጅናል ማስረጃ አይወጣለትም። ስለዚህ ልጃችሁ ገና ያልሄደች ከሆነ ከሻንጣው በፊት ይህን ጨርሱ። ሬጅስትራር የሚመላለስላት አንድ የታመነ ሰውም ውክልና ይያዝ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ልጅቷ በሄደች በሦስተኛው ወር የቤቱ ቆርቆሮ፣ የወንድም ሠርግ፣ የቡሄና የፋሲካ ወጪ ስልኳ ላይ ይደረደራል። እምቢ ማለት አትችልም፤ ደብል ሺፍት ትገባለች። በቀን 16 ሰዓት የቆመ ሰው መጽሐፍ ሲገልጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። «ዘንድሮ እፈተናለሁ» ያለችው ለከርሞ ይተላለፋል፤ ከርሞም ለሌላ ከርሞ። ጊዜ ባለፈ ቁጥር የተማረችው እየተረሳ፣ ፈተናው እየራቀ ይሄዳል።

ሒሳቡን እንኳ እናስበው። እዚያ የተመዘገበ ነርስ የሚከፈለው ከረዳቱ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ነው። ዛሬ መቶ መቶ ዶላር የምንለምናት ልጅ ለአንድ ዓመት ብንተዋት የኋላው ለእኛም ይበልጣል። ለእናት መድኃኒት ትላክ፤ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም። ሠርጉና ቆርቆሮው ግን ይቆያሉ።

አጼ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያዎችን ጋፋት ላይ አስቀምጠው ሴባስቶፖልን ያሠሩት የሙያን ዋጋ ስለሚያውቁ ነው። የዚያ አገር ልጆች የገዛ ልጃችንን ሙያ በጥቃቅን ወጪ መቅበር አይገባንም። ነርሷ ከሆስፒታላችን ሄዳለች፤ ይህ አንድ ጉዳት ነው። እዚያም ነርስነቷን ከተወች ሁለት ጊዜ አጣናት ማለት ነው።

እናም በሚቀጥለው ስትደውል «መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታችን በፊት «ወረቀትሽ የት ደረሰ? ፈተናሽ መቼ ነው?» እንበላት።

ውጭ አገር ነርስ ያላችሁ ቤተሰቦች ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ ለሚመለከተውም አጋሩት።