ጨፌው ሁሉ ይጠንፈፍ ወይ?

በኢሉባቦር በየኮረብታው መካከል በሸለቆ ውስጥ የሚገኘውን ረግረግ መሬት የአካባቢው ሕዝብ ጨፌ ይለዋል። የኮረብታው በቆሎ ሳይደርስ የጎተራው እህል በሚያልቅበት ጊዜ ብዙውን ቤተሰብ የሚያሻግረው በበጋ ጨፌ ላይ የተዘራው በቆሎ ነው። ስለዚህ «ጨፌ አይነካ» የሚል ምክር ይዞ ገበሬው ዘንድ መሄድ ዋጋ የለውም፤ እኛም አንለውም። የምንቃወመው ጨፌውን ከራስጌው እስከ ግርጌው አጠንፍፎ «ይህን ያህል ሄክታር ታረሰ» ብሎ ሪፖርት ማድረግን ነው።

እንደሚታወቀው በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከሰሜን ብዙ ሕዝብ ወደዚህ አካባቢ በሠፈራ መጥቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ደግሞ የምግብ እጥረትን ለመሸፈን ሲባል ጨፌ በብዛት እንዲታረስ ግፊት ተደርጎ ነበር። ሄክታሩ ተቆጥሯል፤ መሬቱ ስንት ዓመት እንደሚያበቅል ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

የጨፌ አፈር ለዘመናት በውኃ ውስጥ ከተጠራቀመ የሣር ብስባሽ የተሠራ ነው። ክረምት የጣለውን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከግርጌው ያሉ ምንጮችና ወደ ገባና ወደ ባሮ የሚወርዱ ጅረቶች በበጋ የሚፈሱትም በዚሁ ነው። ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ሲወጣ አየር ይገባል፤ ብስባሹ ይቃጠላል፤ አፈሩ ይሰምጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ የሚያምረው ይህ ብስባሽ ሲፈርስ ምግቡን ለሰብሉ ስለሚለቅ ነው፤ ማለትም ገበሬው የሚበላው ከተቀማጩ ላይ ነው። ከምርት በኋላ ከብት ሲገባበት አፈሩ ተረግጦ ይጠጥራል፤ ቦዩም በጎርፍ እየተቦረቦረ ይጠልቃል። በመጨረሻ ውኃው ከበቆሎው ሥር በታች ይወርዳል፤ ጨፌ የነበረው ቦታም ከብት የማይጠግብበት ደረቅ ግጦሽ ይሆናል። ያን ጊዜ የምንጩን ውኃ ፍለጋ ሩቅ የምትሄደው ሴቷ ናት፤ ለቤት ክዳን የሚታጨደው የጨፌ ሣርም፣ ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማም አይገኝም።

የአገሩ ሽማግሌዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። የጨፌውን ራስጌ ከነሣሩ ይተዋሉ። ምርቱ ሲነሣ ቦዩን በአፈር ይደፍኑና ክረምቱ እንዲያጥለቀልቀው ያደርጋሉ። በዓመት ሁለቴ ማረስ ይህን እረፍት ስለሚያሳጣው ነው የምንነቅፈው። ባሕር ዛፍ በጨፌ ዳር መትከልም የባሰ ነው።

ቦይ ደግሞ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። የላይኛው ያለ ልክ ቢቆፍር የታችኛው ይጥለቀለቃል፤ የታችኛው ቦዩን ካልጠረገ የላይኛው ሰብል በውኃ ይበሰብሳል። ይህን ሥራ የሚያስተባብረው አባ ላጋ የሚባለው ሰው ነበር። በኦሮምኛ ሸንጎውም ጨፌ መባሉ ለእኛ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። የሕብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ሥልጣን በውስጠ ደንባቸው ቢያጸኑት ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ የሚሠራ ይመስለናል። የልማት ሠራተኞችም ቦይ ከመቆፈሩ በፊት ከአባ ላጋው ጋር ራስጌው ድረስ ወጥተው የሚተወውን ሣር በችካል ያስለዩ፤ ሰኔ ሲገባም ተመልሰው ቦዩ መደፈኑን ይዩ።