አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም

ላሊበላ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ከዐለት ወደ ተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትም እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ በላስታ ደጋ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ዕቃ ቤት የሚገኘው የብራና መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ሀብት አይደለም። ዐለቱ ግልባጭ የለውም፤ መጽሐፉ ግን ሊኖረው ይችላል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀመጠ።

ዛሬ መጽሐፉ በዲጂታል ካሜራ ይነሣል፤ ሥዕሉም በኮምፒዩተር ዲስክ ይከማቻል። ዲስክ ግን እንደ ብራና ዘመን አይሻገርም። ስለዚህ ሊኑክስ ያለ ልዩ መሣሪያ በነፃ የሚሰጠውን ሬይድ 1 የተባለ ዘዴ ወጣት ሠራተኞች ቢማሩት መልካም ነው እንላለን። ኤምዲአድም በተባለው ፕሮግራም ሁለት ዲስኮች ይጣመራሉ፤ የተጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ ይሰፍራል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ችግሩ አንዱ ሲሞት ሥራው ስለማይቆም ማንም አለማወቁ ነው። ስለዚህ ኤምዲስታት የተባለውን ፋይል ዘወትር መመልከት ይገባል። ሁለት «ዩ» ፊደላት ጎን ለጎን ከታዩ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ በአንዱ ፋንታ የግርጌ ሰረዝ ከታየ አንዱ ወድቋል። ያን ጊዜ የወደቀውን ዲስክ በመለያ ቁጥሩ አጣርቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ተቻኩሎ ጤነኛውን የነቀለ ሁሉንም ያጣልና። አዲሱ ከተጨመረ በኋላ ግልበጣው ሰዓታት ይወስዳል። መብራት በድንገት ቢጠፋም ሁለቱ ዲስኮች ሊለያዩ ስለሚችሉ ሊኑክስ እንደገና ያስተካክላቸዋል።

ነገር ግን ሬይድን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቆጥር ተሳስቷል። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ሌባም፣ እሳትም ሣጥኑን እንዳለ ይወስደዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ መዝለቁን የማያስታውስ የለም። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ዲስኮች ለእንዲህ ያለው ቀን አንድ ናቸው።

እንግዲህ ላስታ የቀረው ሥዕል ሦስተኛ ቅጂ ርቆ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ተከፍቶ ይመርመር። የማይክሮፊልሙ ሠራተኞች ያለ ኮምፒዩተር ያወቁትን እኛ ከኮምፒዩተር ጋር ብንዘነጋው ለተማረ ሰው የሚያሳፍር ይመስለናል።