መጠየቅ ያሳፍራልን?

በምግብ ቤት ውስጥ የሚያፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁን? ገንዘብ ያጠረውን ማለቴ አይደለም፤ ከፍሎ ሊበላ መጥቶ፣ ነጭ ጨርቅ ከተነጠፈበት ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ የያዘው ምናሌ ስላልገባው የሚሸማቀቀውን ማለቴ ነው። ዓይኑ በማያውቃቸው ስሞች መካከል ይንከራተታል። ከዚያም ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ዋጋውን ቁልቁል ተከትሎ ርካሹን ያዛል፤ ወይ ለታይታ ውዱን ይጠራል፤ ወይ ደግሞ «ለእኔም እሱ ያዘዘውን» ብሎ ምናሌውን ያጥፋል። በሦስቱም መንገድ መረጠ አይባልም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ መቀሌ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ዓርብ ቀን፣ ዕድሜያቸውን በማስተማር ከፈጁ አንድ አዛውንት ወዳጄ ጋር ከከተማዋ ውድ የጣሊያን ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ጥፋት ብቻ አይደለምና። ምናሌው በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ አንድም የአማርኛ ወይም የትግርኛ ቃል አልነበረበትም። የጾም ምግብ ምን እንዳለ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ በትሕትና «ፔስቶ አለ፤ ቅጠል ነው» አለችን። እኔ እሺ ልል ስል መምህር መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጓለይ፣ ቅጠሉ ከምን ጋር ነው የተፈጨው?» አሏት። ልጅቷ ወደ ማድ ቤት ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። «ይቅርታ አቦይ፣ አይብ አለበት» አለች።

ልጅቷን አልወቅስም። የምትሸጠውን ምግብ ያላስተማራት ቤቱ ነው። ፔስቶ ማለት በሶብላ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይት፣ ከጥድ ፍሬና ከአይብ ጋር የተወቀጠ ነው። በሶብላ! እናቶቻችን በርበሬ ሲደልዙ የሚጨምሩት፣ በየጓሯችን የሚበቅለው! ከስሙ ሥር በአንድ መስመር «በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አይብ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ መምህርም አይጠይቁ፣ ልጅቷም አታፍር ነበር። በዚያው ምናሌ ላይ ካርቦናራ የሚባል ነበር። ካርቦናራ በአገሩ ወግ እንቁላል፣ አይብና የአሳማ ጉንጭ ሥጋ ያለበት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት ከተማ ይህን በባዕድ ስም ሸፍኖ ማቅረብ ምን ይባላል? እኔ ሥልጣኔ ልለው አልችልም።

ለዚህ የሚሰጡ መልሶችን አውቃለሁ። አንደኛው «ስሙ ከተተረጎመ ወዙ ይጠፋል» የሚል ነው። ስሙን ተርጉሙ ያለ ማን ነው? ማኪያቶን እንመልከት። ቃሉ በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» እንደማለት ነው፤ ቡናው በትንሽ ወተት ስለሚነካ። ይህን ትርጉም የማያውቀው ሰው ሁሉ ግን የሚፈልገውን ያውቃል፤ «ጠቆር ይበል»፣ «ወተቱ ይብዛ» እያለ ያለ አንዳች ሐፍረት ያዛል። ፓስታና መኮሮኒም እንዲሁ የእኛው ቃላት ሆነዋል። ቃሉ የኛ የሆነው በውስጡ ያለውን ስላወቅን ነው። ማኪያቶ ያዘዘ አንደበት ታዲያ ነጭ ጨርቅ ሲያይ የሚተሳሰረው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው መልስ ይብሳል፤ «የማያውቅ ለምን ይመጣል?» የሚል ነው። እስቲ እንዲህ በምሥጢር የተያዘውን እንግለጠው። ፖሌንታ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ገንፎ ነው፤ የሰሜን ጣሊያን ድኻ ገበሬ ለብዙ ዘመን ነፍሱን ያቆየበት። «አልዮ ኤ ኦልዮ» የተባለው ስፓጌቲ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቃሪያ ይጨመርበታል። ከነዚህ ምግቦች ብዙዎቹ የቸገረው ሰው ብልሃት የፈጠራቸው ናቸው፤ የአጋሜ ሰው የገብስ ዱቄት ለውሶ፣ አድቦልቡሎ፣ በእንጨት ሹካ እየወጋ በወጥ እንደሚበላው ጥህሎ ማለት ነው። የገበሬን ምግብ በባዕድ ቋንቋ ጠቅልሎ የሌላ አገር ገበሬ ልጅ ማሸማቀቂያ ማድረግ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ድሮስ የወራሪ ምግብ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ይነሣል። መቀሌ ወራሪን ታውቃለች። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ሳለ፣ በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት የውኃ ምንጩ ተይዞበት ምሽጉን ለቆ ወጥቷል። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ፋሺስት ተመልሶ ከተማዋን ይዟል። ይህ ታሪክ የሚዘነጋ አይደለም። ነገር ግን ፓስታ የሚሠራበት ዱረም የተባለው ጠንካራ ስንዴ የእኛ ደጋም ጥንታዊ ዘር ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴዋን ብዝኅነት አይቶ ተደንቋል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ዛሬ ዋና ግቢው የእንዳ ኢየሱስን ስም የያዘው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጣሊያን ፒሳ ከተማ ከሚገኘው የሳንታና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ጋር በዚሁ ስንዴ ላይ ምርምር አድርጓል። በትግራይ ሐገረ ሰላም፣ በአማራ ክልል ደግሞ ገረገራ ላይ ወደ 400 የሚጠጉ የዱረም ዓይነቶች ተዘርተው፣ 60 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በየማሳው እየተዘዋወሩ የሚሻለውን እንዲመርጡ ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት የገበሬዎቹን ምርጫ እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ከሳይንቲስቶቹ ልኬት ጎን አቆመው። እንግዲህ አስቡት። ገበሬው ከአራት መቶ ዓይነት ስንዴ መካከል ሳያፍር ይመርጣል፤ እኛ ፊደል ቆጠርን የምንል ከዚያው ስንዴ ከተሠሩ ሃያ ምግቦች አንዱን መምረጥ ያሸማቅቀናል። ገበሬው ዛላውን ይዳስሳል፣ ያገላብጣል፣ ይጠይቃል። እኛ ግን መጠየቅን አለማወቅ አድርገነዋል።

ይህንኑ ለመምህር ሳነሣ የመለሱልኝ አይረሳኝም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ በመቀሌ ባንክ ተዘግቶ ነበር፤ የእርሳቸውም ደመወዝ ከተቋረጠባቸው አንዱ ነው። «ምን ይበላል ተብሎ የማይጠየቅበትን ጊዜ አይቻለሁ» አሉኝ። «ያን ጊዜ የተገኘው ይበላል፤ ካልተገኘም ይታደራል። አሁን ምረጥ ስባል፣ በሐፍረት ምክንያት ሳልመርጥ ብቀር በዚያ ዘመን ባለፉት ላይ የቀለድሁ ይመስለኛል።»

ከዚህ በኋላ ነገሩን የሆዳሞች ወሬ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ባለ ምግብ ቤቶች ሆይ፣ ከየስሙ ሥር በሕዝቡ ቋንቋ አንድ መስመር ጻፉ፤ የጾሙን ከፍስኩ፣ አሳማ ያለበትን ከሌለበት ለዩ። አስተናጋጆቻችሁንም ከሚያቀርቡት ምግብ አቅምሷቸው፤ ያልቀመሰ ምን ብሎ ይመክራል? ተመጋቢ ሆይ፣ አንተም ጠይቅ። አበው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት ለትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።

በዚያ ዓርብ የማድ ቤቱ ሰው ራሱ ወጥቶ ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቃሪያ ሊሠራልን እንደሚችል ነገረን፤ ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ብቻ የተሠራ መሆኑንም መምህር ጠይቀው አረጋገጡ። ምግቡ ሲመጣ አስተናጋጇ አጠገባችን ቆማ፣ «አቦይ፣ ይህንን በጣሊያንኛ ምን እንደሚሉት አሁን አውቄዋለሁ» አለቻቸው። መምህርም ሹካቸውን አነሡ፤ «ለሚቀጥለው እንግዳ ደግሞ በትግርኛ ንገሪው» አሏት።