የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት መለኪያው የገጠሩ ተገልጋይ ነው

የመንግሥትን አገልግሎት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ለመስጠት የሚያስችለው የሕግ ማዕቀፍ ተዘርግቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸድቀዋል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። ቀሪው ጥያቄ አሠራሩ በምዕራብ ጎጃም ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ አካባቢ አርሶ አደር ምን ያህል ይመቻል የሚለው ነው።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋው የወረዳኔት መረብ በዋናነት ያገለገለው የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ነበር። ዛሬ ግን ቅጹን የሚሞላው ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

የኢሜይል አድራሻ የሚያስገድድ፣ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ የሚቀበል፣ ከአባትና ከአያት ስም ይልቅ የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ስህተትን ይጋብዛል። የተመዘገበው ስም ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር ካልተጣጣመ ባለጉዳዩ ለእርማት ይመላለሳል፤ ካልሆነም ለራፖር ጸሐፊ ይከፍላል። ወረፋው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ይሁንና በምስል መልክ ብቻ የሚለጠፍ መመሪያ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ በሚያነብ ሶፍትዌር አይነበብም።

ስለሆነም ማንኛውም ቅጽ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በቀበሌ ደረጃ በተገልጋዮች ሊሞከር፣ በአማርኛና በአነስተኛ ስልክ ሊሠራ፣ ማንበብ ለማይችሉም በጽሕፈት ቤቱ የሚያግዝ ባለሙያ ሊመደብ ይገባል። የወረቀቱ መስኮት መዘጋት ያለበት ይህ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።