ያላነበቡትን የጻፉ ሰዎች

ሁሉ ነገር በተወደደበት በዚህ ዘመን በነፃ የሚታደል አንድ ነገር ቀርቷል፤ ደራሲነት። የልብ ወለድ ደራሲነት ማለታችን አይደለም። የጤና ምርምር ጽሑፍ ደራሲነት ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ቀበሌ ለቀበሌ ተንከራትቶ፣ መጠይቅ አስሞልቶ፣ ናሙና አስወስዶ፣ ዳታውን አስገብቶ፣ ከትንተናው ጋር ሲታገል አንግቶ ረቂቁን ሲጨርስ፣ ወደ ጆርናል ከመላኩ በፊት አንድ የመጨረሻ ሥራ ይቀረዋል፤ ስም መደርደር። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ይገባሉ፤ ኃላፊ ናቸዋ! የላቦራቶሪው አለቃ ይገባሉ፤ ነገም ሌላ ናሙና አለ። ባለፈው ዓመት በራሱ ጽሑፍ ላይ የልጁን ስም ያስገባው ጓደኛ ይገባል፤ ብድር በምድር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥናቱ ስለ ወባ ይሁን ስለ ስኳር ሕመም ጠይቆ የማያውቅ ሰው ይገባል። ለምን እንደገባ የሚያስታውስ የለም።

የአገራችን ሰው ይህን "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" ይለዋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን "ኮ-ኦተር" ይሉታል።

ከእኛ መካከል የጤና ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥን አለን፤ የቀረነው ደግሞ የጓደኞቻችንን እሮሮ ማኪያቶ እየጠጣን ስንሰማ የኖርን ነን። እሮሮው ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው። ዛሬ ጮክ ብለን እንናገረው። ባልሠሩት ጽሑፍ ላይ ስም ማስፈር አክብሮት አይደለም፤ ውለታ መመለስም አይደለም። የሐሰት ምስክርነት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ክንዱን ዘርግቶ ደም የሰጠው ሕመምተኛ ነው።

ደራሲ ማን ነው?

ነገሩ የባሕል ጉዳይ ነው ለሚሉን መልሱ ግልጽ ነው፤ ሕግ አለው። የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የሚባል ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ቫንኩቨር ላይ በተገናኙ ጥቂት አርታኢዎች የተጀመረ ነው። በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ የሕክምና ጆርናሎች የሚከተሉት መመሪያ የዚህን ኮሚቴ ነው። መመሪያው ደራሲ ለመባል አራት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በጥናቱ ሐሳብና ንድፍ፣ ወይም በዳታው አሰባሰብ፣ ትንተናና ትርጓሜ ላይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ። ሁለተኛ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በጥልቀት አርሞ ማሻሻል። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ረቂቅ አንብቦ ማጽደቅ። አራተኛ፣ ለጽሑፉ ሁለንተና ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራተኛው በ2013 የተጨመረ ነው።

ልብ በሉ፤ ምርጫ አይደለም። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ማምጣት ብቻውን ደራሲ አያደርግም። ቡድኑን በበላይነት መምራት ብቻውን አያደርግም። ደብዳቤ ላይ መፈረምማ ጭራሽ! ለእነዚህ ሰዎች በጽሑፉ መጨረሻ "ምስጋና" የሚባል የተከበረ ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል።

ያው መመሪያ ሌላም ነገር ይላል፤ ይህን ግን ብዙዎች ሊያነቡት አይፈልጉም። የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው ረቂቁን የመጻፍ፣ የማረምና የማጽደቅ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ማለትም ናሙናውን ስትመረምር ከርማ ውጤቱን ስትተረጉም የነበረችው የላቦራቶሪ ባለሙያ "አልጻፈችማ" ተብላ እንዳትገፋ። እኛ ጋ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። የሠራችው ትወጣለች፣ ያልሠሩት ይገባሉ።

በ2023 ደግሞ ኮሚቴው አንድ ነገር ጨመረ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ደራሲ ተብለው ሊመዘገቡ አይችሉም አለ። ምክንያቱ? ለጻፉት ነገር ተጠያቂ ሊሆኑ ስለማይችሉ። እስቲ አስቡት ጎበዝ፤ ግማሹን ረቂቅ የጻፈ ማሽን ደራሲነት ከተከለከለ፣ አንዲት መስመር ያልጻፉት፣ አንዲት ሠንጠረዥ ያላዩት አለቃ በምን ሒሳብ ነው ሦስተኛ ደራሲ የሚሆኑት? ማሽኑ ቢያንስ ረቂቁን አይቶታል!

የለንደኑ ጉድ

በሽታው የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1994 ለንደን ውስጥ ማልኮም ፒርስ የተባለ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ዓለምን ያስደነቀ ጽሑፍ አሳተመ። ከማሕፀን ውጪ የተፈጠረን ጽንስ ወደ ማሕፀን መልሼ ሕፃኑ በሰላም ተወለደ አለ። ከደራሲዎቹ መካከል ጄፍሪ ቼምበርሊን ነበሩ። ሰውዬው የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጽሑፉ የወጣበት ጆርናል ዋና አርታኢም ናቸው፤ በዚያ ላይ የአገሪቱ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከዚህ በላይ ስም ከየት ይመጣል?

ቆይቶ ሲጣራ እናቲቱ የለችም። ሕፃኑም የለም። ታሪኩ ፈጠራ ነበር። ቼምበርሊን ፈጠራው ውስጥ እጃቸው አልነበረበትም፤ ማስተባበያቸው ግን እኛ በደንብ የምናውቀው ነው። የኃላፊውን ስም በጽሑፍ ላይ ማስገባት የተለመደ ጨዋነት ነው የሚል። ጨዋነቱ ሁለቱንም ወንበር አሳጣቸው፤ ከአርታኢነታቸውም ከፕሬዚዳንትነታቸውም ለቀቁ። ፒርስ በ1995 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው "ፈረንጅም ያደርገዋል" የሚለውን ማጽናኛ አይደለም። ስም አበድሮ "አላየሁም" ማለት እንደማይቻል ነው።

ደሙን የሰጠችውስ?

"ታዲያ ማን ተጎዳ?" ይሉናል። አንድ ምሳሌ እንስጥ።

በደብረ ብርሃን ነፍሰ ጡሮች ላይ የደም ማነስ ጥናት ተሠራ እንበል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሰው ሄሞግሎቢን መጨመር ስለሚጠበቅ የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያው ለከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል። ማስተካከያው ከተረሳ በመለኪያው መሠረት ደም ያነሳት እናት "ጤነኛ" ተብላ ትቆጠራለች። ነገሩ እዚህም ላይ አያበቃም። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ ብሎ እንዳልተገኘ ዘግቧል። እናም ማስተካከያው ለእኛ ሰው ምን ያህል ይሠራል የሚለው ራሱ የሚያከራክር ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ጥያቄ ማንሳት ያለበት ማነው? ረቂቁን ያነበበ ደራሲ!

በጽሑፉ አናት ላይ ስድስት ስም ሲያይ አንባቢ የሚገምተው ስድስት ጥንድ ዓይን ሠንጠረዡን እንዳየው ነው። የጆርናሉ ገምጋሚም ያንኑ ይገምታል። የጤና ቢሮው ባለሙያም ቁጥሩን ወደ ዕቅዱ ሲያስገባ እንደዚያው። እውነቱ ግን አንድ ብቻውን የደከመ ተማሪ ነው። አምስቱ ስሞች አንባቢን ማዘናጊያ ናቸው።

ያቺ እናት ደግሞ ስትጠየቅ የስምምነት ቅጽ ተነቦላት ፈርማለች፤ መጻፍ ካልቻለችም በጣቷ አትማለች። የተነገራት ጥናቱ ለእሷ መሰል እናቶች እንደሚጠቅም ነው። እሷ ሰምታ ፈረመች። ደራሲው ሳያነቡ ፈረሙ።

አዎ፣ ይፈርማሉ! ረቂቅ ሲላክ ሥነ ሥርዓት አለው። ለአርታኢው ደብዳቤ ይጻፋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ቁጥር ይገባል፣ ብዙ ጆርናሎችም እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ የሚገልጽ መግለጫ ይጠይቃሉ። 14 ሚናዎች የተዘረዘሩበት ቅጽ አለ፤ ከሐሳብ ማመንጨት እስከ ክትትል። "ክትትል" የምትለዋ ሣጥን ሁሉን ቻይ ናት፤ ምንም ያልሠራ ሁሉ እዚያ ይጠለላል። ከሁሉ በታች ደግሞ ይህች ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ "ሁሉም ደራሲዎች የመጨረሻውን ረቂቅ አንብበው አጽድቀዋል።" በስንቱ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያዋ ውሸት እሷ ናት። የሚያሳዝነው የምትጻፈው በወጣቱ እጅ ነው። ምርምርን ያስተማሩት መምህራን የመጨረሻ ትምህርታቸው መዋሸት ይሆናል።

እከክልኝ ልከክልህ

ይህ ሁሉ ለምን? ለእድገት። ረዳት ፕሮፌሰር ተባባሪ ለመሆን፣ ተባባሪው ፕሮፌሰር ለመሆን የታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል። መቆጠሩ ባልከፋ፤ የሚነበብ ቢሆን። ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ግን ቁጥሩ እንጂ ይዘቱ አይጠየቅም። ስለዚህ አምስት ሰዎች አንድ አንድ ጽሑፍ ይጽፉና ስም ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጽሑፍ ኖሯቸው ያድራሉ። እንዲህ ያለ የዕቁብ ጥበብ የትም አልታየም!

ቁጥር ብቻ የሚፈለግበት ገበያ ደግሞ ነጋዴ አያጣም። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ተብሎ በስህተት የተሞላ የውሸት የካንሰር ጥናት አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ። የጽሑፉ ደራሲ ተደርጎ የተፈጠረው ሰው ከጎረቤታችን ከአስመራ፣ ከሌለ የሕክምና ተቋም ነበር። 157ቱ ጆርናሎች ጽሑፉን ተቀበሉት። እንዲህ ያሉ ጆርናሎች ክፍያ ይጠይቃሉ እንጂ ጥያቄ አይጠይቁም። ደራሲው ያላነበበው፣ አርታኢው ያላነበበው፣ ኮሚቴው ያላነበበው ጽሑፍ ማለት ይኸው ነው። ከፋዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ወጣቱ ነው፤ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ በዶላር መንዝሮ። ብዙ የታወቁ አሳታሚዎች ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጽሑፎች ክፍያውን እንደሚተዉ የነገረው የለም። ይህን መንገር የአማካሪ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን አማካሪው ስማቸው በትክክል መጻፉን ሲያረጋግጡ ነው የከረሙት።

አባታችን ይበቃናል

ስም ካነሳን አይቀር፤ የጆርናሎቹ ሲስተም "የቤተሰብ ስም" ሲል እኛ የአባታችንን ስም እንሞላለን። እናም በዓለም የምርምር መዝገብ ውስጥ የሚጠቀሱት አባቶቻችን ናቸው። አክሊሉ ለማ እንኳን በውጭ ጽሑፎች "ለማ ኤ." ነው። እኛ ግን በዚህ አንከፋም። በሬ ሸጦ ያስተማረ አባት ሳይሠራ ደራሲ ቢባል የሚገባው ነው! የስጦታ ደራሲነት ካስፈለገ ኮታችን እዚያው ላይ ሞልቷል፤ ለኃላፊው የሚተርፍ የለም።

አክሊሉን ያነሳነው ለቀልድ ብቻ አይደለም። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያስተዋለ፣ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸውና "ለምን ሞቱ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሪፖርቱን ያወጣው በእኛው ጆርናል፣ በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ነበር፤ በ1965። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ሲሰጥ ከሥራ ባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ነው የተቀበለው። ስም እንዲህ ነው የሚገኘው፤ ወንዝ ዳር ወርዶ።

ምን ይደረግ?

"ለእናንተ ማውራት ቀላል ነው፤ አማካሪዬን ባላስገባ ቴሲሴን ያስቀሩብኛል" የሚለን ተማሪ አለ። እውነቱን ነው። አንድ ተማሪ ብቻውን ይህን እንዲጋፈጥ አንጠይቅም። በነገራችን ላይ ጥያቄውን ቀርጾ፣ ረቂቁን አርሞ፣ ሦስቴ መልሶ ያስጻፈ አማካሪ ደራሲ ነው፤ እንዲያውም የእንዲህ ዓይነቱ ስም ይግነን። ጥያቄያችን ለተቋማቱ ነው።

የደራሲዎች ስምና ቅደም ተከተል ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ ይሰፈር፤ ሥራው ሲቀየር ብቻ ይቀየር። የድርሻ መግለጫውን እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅ ይሙላ፤ ለሌላው መሙላት ይከልከል። ዳታ የሰበሰቡ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፈቃዳቸው ተጠይቆ በምስጋናው ላይ በስማቸው ይጠሩ፤ "ለዳታ ሰብሳቢዎች በሙሉ" የምትለዋ የጅምላ ምስጋና ትብቃን። የእድገት ኮሚቴውም አንድ ቀላል ፈተና ያስገባ። ከአመልካቹ ጽሑፎች አንዱን ያንሳና "እስቲ ሠንጠረዥ 2ን ያስረዱን" ይበል። ግማሹ ወረፋ በዚያው ቀን ይበተናል።

ለወጣቱ ደግሞ ይህን እንላለን። ነገ ኃላፊ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ይዛችሁ ወንበሩ ላይ ከወጣችሁ፣ ዛሬ የምታሙት ሰው ነገ እናንተው ናችሁ። አንድ ተማሪ ረቂቁን ይዞ ቢሯችሁ ሲመጣ ከሁለት አንዱን አድርጉ፤ አንብቡለት፣ ወይም ስማችሁን መልሱለት።

ያቺ ዓረፍተ ነገር እውነት ትሁን እንጂ ሌላ አልጠየቅንም። ሁሉም ደራሲዎች የመጨረሻውን ረቂቅ አንብበው ያጽድቁ።

ቸር ይግጠመን!