የጦርነቱ ዜና ልጆቻችንን አይዝለል

የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔ፣ የሺንሺቾ፣ የዶዮገናና የአንጋጫ ወገኖቼ!

የጋዛ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ከተሞቻችን ሁለት ጦርነት ነው የሚያዩት። አንዱ ቡና ቤት አልጀዚራ ተከፍቷል። ጎረቤቱ ቤት ደግሞ አንድ ሰባኪ ዩቲዩብ ላይ ካርታ ዘርግቶ የመጨረሻውን ዘመን ይተነትናል። እዚህ ሟች የሆነው እዚያ ገዳይ ነው። ከሁለቱም ቤት ወጥተን አንድ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ያየነውን ግን አንስተን አንነጋገርም፤ ካነሳንም እንኳረፋለን።

ሁለቱም ቤት ያላሳዩት የእኛን ሰው ነው።

መስከረም 2017 ዓ.ም. እስራኤል ሊባኖስን አጥብቃ መደብደብ ስትጀምር፣ በአገሩ 170 ሺህ ያህል የውጭ ዜጎች ተቀጥረው ይሠሩ እንደነበር ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ገምቶ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም በርካታ ናቸው። አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ አንዳንዶቹን ጎዳና ላይ ጥለዋቸው፣ አንዳንዶቹንም ቤት ቆልፈውባቸው ሄዱ። ቦምብ ከላይ፣ ቁልፍ ከውጭ! የዜናው ሰዓት ግን በሚሳኤልና በሂዝቦላህ መሪዎች አለቀ። ቤይሩት ልጅ ያላት እናት ወሬውን የምትለቅመው ከዋትሳፕ ድምፅ ነበር፤ ያውም ኔትወርክ ሲኖር።

የየመኑ ይብሳል። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰዓዳ የአፍሪካ ስደተኞች የታሰሩበት ቦታ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመታ። ሁቲዎች 68 ሰው ሞተ አሉ፤ ከታሳሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሁቲዎቹ ቴሌቪዥን አል ማሲራህ አስከሬኑን በአሜሪካ ላይ ማስረጃ አድርጎ አሳየው። በሌላው ወገን ደግሞ «የአፍሪካ ስደተኞች» ተብሎ ታለፈ። የማን ልጆች ናቸው? ከየት ቀበሌ ወጡ? ይህን ለመጠየቅ ጊዜ የነበረው ማን ነው?

የሱዳንንስ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 2015 የተነሳው እሳት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አፈናቅሎ፣ ድንበራችን መተማ ድረስ ስደተኛ አድርሶ፣ ዛሬም ዜናው ከዩክሬን ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሁሉም በተንኮል የሚሠራ አይመስለኝም። ጣቢያዎቻችን ቤይሩትም ሰንዓም ዘጋቢ የላቸውም፤ ከውጭ ወኪሎች የመጣውን ይተረጉማሉ፤ ተርጓሚው ደግሞ ያልተጻፈለትን አይጨምርም። አንድ ጦርነት በሁለት መልክ መዘገቡም ለእኛ አዲስ አይደለም። ጣሊያን በወረረን ጊዜ የዴይሊ ሜይሉ ኤቭሊን ዎ ለወራሪው ሲያደላ፣ የዘ ታይምሱ ጆርጅ ስቲር ከእኛ ጎን ቆሞ ይጽፍ ነበር። ጦርነቱ አንድ፣ የለንደን አንባቢ ያነበበው ግን ሁለት።

እንግዲህ እንነሳ! በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። እናንተ ከቤይሩትና ከየመን የተመለሳችሁ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ ያያችሁትን በሀዲይኛና በከምባትኛ ተናገሩ፤ ስማችሁ ይቅር፣ ቃላችሁ ግን ይቀዳ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ስልካችሁን ይዛችሁ እነሱ ዘንድ ሂዱ። መጋቢዎችና ሼኾች፣ ከሁለት ወገን ያልሰማችሁትን የጦርነት ወሬ ወደ መድረክ አታውጡት፤ ስትችሉም አንድ ቀን አብራችሁ ተቀመጡና ምእመኑ ፊት ተጠያየቁ። ወጣቶች፣ ቀንና ቦታ የሌለውን ቪዲዮ ከማጋራታችሁ በፊት መቼ ተቀረጸ፣ ማን ቀረጸው በሉ። ግማሹ የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ለጣቢያዎቹም በየእድሩ ማኅተም አንድ ደብዳቤ እንላክ፦ ስለ ጦርነት በዘገባችሁ ቁጥር እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን የት እንዳሉ፣ ማን እንደሚረዳቸው፣ ቤተሰብ በየትኛው ስልክ እንደሚጠይቅ ንገሩን። በወሩ መልስ ካልመጣ፣ በተከታዩ ስብሰባ ተወካይ መርጠን አዲስ አበባ እንላክ፤ የትራንስፖርቱን ወጪ እድሮቹ ይሸፍኑ።